ኪሮሽ ወይስ ሹራብ? ክር ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ላይ በረንዳዋ ላይ ክር ይዛ የተቀመጠች ሴት ካለች አላፊ አግዳሚው የሚያነሳት ጥያቄ አለች። "አቦ እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፤ ኪሮሽ ይሻላል ሹራብ?" መልሱ እንደ መላሹ ነው። ኪሮሽ የለመደች "ኪሮሽ ይቀላል" ትላለች። ሹራብ የለመደች ደግሞ "ልብስ የሚወጣው ከሹራብ ነው" ትላለች። ጠያቂው ምኑ እንደሚቀል ሳይገባው ሄዶ ክር ይገዛል። እጁ አልታዘዝ ሲለው "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ ክሩን ቁምሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ችሎታ አይደለም። ሊሠራ የፈለገው ዕቃና የመረጠው ሙያ አልተገናኙም።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ኪሮሽ በአንድ መንጠቆ ይሠራል፣ ሹራብ በሁለት መርፌ። እዚህ ላይ ሹራብ ስል ልብሱን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ነው።

ሸማ ሲሠራ ድርና ማግ አለ። ድሩ ይወጠራል፣ ማጉ በመሃሉ ይሻገራል። ኪሮሽና ሹራብ ላይ ይህ የለም። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። ክሩ ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ። እንዲህ እያለ ጨርቅ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በዚህ ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ቀለበት ክፍት ሆኖ ይጠብቃል?

ሹራብ ላይ የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ ክፍት ናቸው። እያንዳንዷን ቀለበት በሙያው ቋንቋ ዐይን እንላታለን። 30 ዐይን ስፋት ያለው ሻርፕ እየሠራችሁ ከሆነ 30ዎቹም መርፌው ላይ ተሰክተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለት መርፌ ያስፈለገው ለዚህ ነው። አንዱ የቆዩትን ይይዛል፣ ሌላው አዲሶቹን ይቀበላል። ኪሮሽ ላይ ግን አንዱ ዐይን ተሠርቶ ከተዘጋ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። መንጠቆው ላይ የምትቀረው ክፍት ቀለበት አንድ ብቻ ናት። አንድ መሣሪያ የበቃውም ለዚህ ነው።

ይህቺን ነገር ከያዛችሁ ሌላው ልዩነት ሁሉ በራሱ ይገባችኋል።

ስህተትን እንውሰድ። ሹራባችሁን ይዛችሁ ባጃጅ ላይ ተቀምጣችኋል እንበል። ባጃጁ ጉድጓድ ገባና መርፌው ከክሩ ሾልኮ ወጣ። ክፍት የነበሩት ቀለበቶች በሙሉ ያዥ የላቸውም። አንዷ ካመለጠች ከሥሯ ያለችውን ትፈታለች፣ እሷም ከሥሯ ያለችውን። ከላይ ወደ ታች መሥመር ይዞ ይተረተራል። ስቶኪንጓን ምስማር ይዞባት የሚያውቅ ሴት ይህን በደንብ ታውቀዋለች፤ ስቶኪንግም የተሠራው በሹራብ መንገድ ነውና። ይጠገናል፣ አትደንግጡ። የኪሮሽ መንጠቆ ይዛችሁ ያመለጠችውን ቀለበት ከታች ጀምሮ በየደረጃዋ እየሳባችሁ ታወጧታላችሁ። ለጀማሪ ግን ልብ ያወልቃል።

ኪሮሽ ላይ መንጠቆው ቢወድቅ ክፍት የምትሆነው ያቺ አንዷ ቀለበት ናት። ክሩን ካልጎተታችሁት የትም አትሄድም። ከተሳሳታችሁ ክሩን ስባችሁ እስከ ስህተቱ ድረስ ትተረትራላችሁ፣ ቀለበቷን መልሳችሁ በመንጠቆው ትይዛላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። "ኪሮሽ ይቀላል" የሚሉት ሰዎች እውነታቸውን ነው። የሚቀለው ግን በዋናነት የማረም ሥራው ነው። የእጁ እንቅስቃሴ ለሁለቱም ልምምድ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ የለበሳችሁትን ቲሸርት ተመልከቱ። የስልካችሁን ካሜራ ወደ ጨርቁ አስጠግታችሁ አጉሉት። ጫፋቸው ወደታች የሾለ ትንንሽ ቅርጾች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ቀጥ ብለው ሲወርዱ ታያላችሁ። ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል እዩት፤ እዚያ ደግሞ አግድም የተደረደሩ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መሥመሮች አሉ። ቲሸርታችሁ ሹራብ ነው። በጣም በቀጭን ክር፣ በማሽን የተሠራ ሹራብ። ካልሲያችሁም እንደዚያው። ሲለጠጥ የሚለጠጠው፣ ሲለቀቅ የሚመለሰው በዚህ አሠራሩ ነው። ቀለበቶቹ ሲሳቡ በጎን ይሰፋሉ፣ ሲለቀቁ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

የኪሮሽ ዐይን ግን በራሱ ላይ የተቆለፈ ነው። እንደዚያ አይለጠጥም። በተመሳሳይ ክር ቢሠራም ብዙውን ጊዜ ከሹራቡ ይወፍራል፣ ይጠጥራል፣ ክርም ይበልጥ ይበላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ቦርሳ ቅርጹን እንዲጠብቅ ትፈልጋላችሁ። የጠረጴዛ ልብስ፣ የድስት መያዣ፣ የልጅ አሻንጉሊት፣ ኮፍያ፣ ለእነዚህ ሁሉ ኪሮሽ ተመራጭ ነው። ገላ ላይ የሚያርፍ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ጓንት ከሆነ የፈለጋችሁት ግን ወደ ሁለቱ መርፌ ሂዱ። በኪሮሽ የሚሠራ ልብስ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሳሳ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት የላይ ልብስ ለድሬ ሙቀት እንዲያውም ግሩም ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ሙያው ወደሚያደላበት መሄድ ይሻላል።

ስለ ማሽን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሊ የተባለ ሰው በ1589 የካልሲ ማሽን ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ሹራብ የማሽንም ሥራ ሆነ። እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ ማሽን ግን እስከ ዛሬ ፋብሪካ አልገባም። ኪሮሽ የሚያስመስሉ የማሽን ጨርቆች አሉ፤ ትክክለኛው ግን ዛሬም የእጅ ነው። ይህ ማለት የድሬን ገበያዎች፣ ታይዋንን ወይም ቀፊራን ስትዞሩ የምታዩት እያንዳንዱ እውነተኛ የኪሮሽ ዳንቴል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዐይን በዐይን የሠራው ነው። የሶፋ ዳንቴል በክሩ ዋጋ ለመግዛት የሚከራከር ሰው ሳይ በጣም ይከፋኛል። በዚያ ዳንቴል ውስጥ ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ1845 ጀምሮ በነበረው የድንች ረሃብ ጊዜ ብዙ ሴቶች ቤተሰባቸውን ያቆዩት የኪሮሽ ዳንቴል ሠርተው በመሸጥ ነው። እኛም ሰፈር በዚህ ሙያ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ሞልተዋል።

ክርና መሣሪያ

ድሬዳዋ ላይ የብዙ ጀማሪ ጥፋት የሚጀምረው ከእናቱ ወይም ከአክስቱ መሳቢያ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ቀጭን የብረት ኪሮሽና ቀጭን ነጭ የዳንቴል ክር ነው። መንጠቆው ከ2 ሚሊሜትር በታች ነው። በዚያ መጀመር ዐይን ያደክማል፣ የሠሩትንም ለይቶ ለማየት ያስቸግራል። እናቶቻችን የሚሠሩት ሳያዩ፣ እያወሩ ነው፤ እጃቸው ስለለመደ። እናንተ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር መንጠቆና መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ያዙ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥቁር ክር ላይ ዐይኑ አይታይም። ጸጉራም ክር ደግሞ ስትተረትሩት እርስ በርሱ ይያያዛል። ለሹራብም ያው ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር መርፌ ይበቃል።

ክሩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከመሣሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ እንደኛ ባለ ሞቃት ከተማ። ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አክሪሊክ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ማጠብም አያስቸግርም። ግን ላብ አይመጥጥም። በሚያዝያ ሙቀት የአክሪሊክ ኮፍያ ያደረገ ሕፃን እረፍት አያገኝም። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። ከበድ ይላል፣ ብዙም አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከኪሮሽ ጋር በደንብ ይስማማል። ሱፍ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ ለሹራብ ምርጥ ነው።

ማሸጊያ ወረቀቱ የጠፋ ቱባ ሲያጋጥማችሁ በእሳት መለየት ትችላላችሁ። የጣት ግማሽ የምታህል ቁራጭ በብረት መቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ሳህን ላይ፣ ልጆች በሌሉበት ለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና ልል አመድ ይሆናል። ሱፍ ጸጉር ጸጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅም ቶሎ ይጠፋል። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ይህ ሙከራ ከገንዘብ በላይ ጥቅም አለው። የድስት መያዣ በአክሪሊክ ከሠራችሁ ትኩስ ድስት ስታነሱበት ቀልጦ እጃችሁን ሊያቃጥል ይችላል። ለወጥ ቤት ዕቃ ጥጥ ብቻ ተጠቀሙ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወረቀቱ ካለ ደግሞ አትጣሉት። የሚስማማው የመርፌ ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፎበታል፣ የአስተጣጠቡ ምልክትም አለ። ቀለም የተነከረበት ዙር ቁጥርም አለው። ሁለት ቱባ "ያው ቀይ ነው" ተብሎ ቢሸጥ እንኳ ቁጥሩ ከተለያየ ሹራቡ ደረት ላይ ሲደርስ ቀለሙ ይቀየራል። የሚበቃችሁን በአንድ ቀን ግዙ።

የሶላት ኮፍያ፣ ከመሃል ጀምሮ

ለድሬና ለሐረር ሰው የመጀመሪያ ሥራ ምረጥ ብባል ኮፍያ እላለሁ፤ ለጁምዓ የሚደረገውን ዓይነት፣ በጥጥ ክር፣ በኪሮሽ። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ የሚያደርገውም ሰው አይጠፋም። ለጸሐይ የሚሆን የልጅ ኮፍያም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፌት አስቡ። ሰፊዋ ከመሃሉ ትነሳለች፣ እየዞረች ታሰፋዋለች። ኮፍያውም እንደዚያው ነው። ክሩን ጣታችሁ ላይ አዙራችሁ ቀለበት ሥሩ። በቀለበቱ ውስጥ 6 አጭር ዐይን (ቁመቱ አጭር የሆነው ቀላሉ የኪሮሽ ዐይን) ሥሩና ክሩን ስባችሁ አጥብቁት። መሃሉ ይኸው ነው። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዐይን ላይ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ 12 ይሆናል። በሦስተኛው አንዱ ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ ሁለት፤ 18። በአራተኛው ሁለቱ ላይ አንድ አንድ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት፤ 24። በየዙሩ 6 እየጨመራችሁ ከሄዳችሁ ክቡ ዝርግ ሆኖ ይሰፋል።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እዩት። ጠርዙ ከተጨማደደና ከተወዛወዘ ጭማሪው በዝቷል። መሃሉ ከጎደጎደ ጭማሪው አንሷል ወይም ክሩን አጥብቃችሁ ይዛችኋል። ጨርቁ ራሱ ይነግራችኋል።

መቼ ነው የሚቆመው? የራስን ዙሪያ በሜትር ለኩ። 56 ሴንቲሜትር ቢሆን ለ3.14 አካፍሉት፤ ወደ 17.8 ይመጣል። ክቡ ከዳር እስከ ዳር ወደ 17 ሴንቲሜትር ሲደርስ ጭማሪውን አቁሙ። ከዚያ በእያንዳንዱ ዐይን ላይ አንድ አንድ ብቻ እየሠራችሁ ዙሩ። ጎኑ በራሱ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ይህቺን ቅጽበት ያየ ጀማሪ ሙያውን አይተውም። ኪሮሽ ብዙ እንደማይለጠጥ አስታውሱ፤ ስለዚህ ልኩ ትክክል መሆን አለበት። ሹራብ ቢሆን ሁለት ሴንቲሜትር ቢያጥርም ጭንቅላት ላይ ተለጥጦ ይገባ ነበር።

ዙር ሳይሆን ወደፊትና ወደኋላ በረድፍ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አራት ማዕዘን የጀመሩት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይጨርሳል። የረድፉን የመጨረሻ ዐይን ብዙ ሰው አያያትም፤ ጠርዝ ላይ ተኝታ ትደበቃለች። በየረድፉ አንድ አንድ ከጠፋች ጨርቁ እየጠበበ ይሄዳል። መድኃኒቱ መቁጠር ነው። 20 ከጀመራችሁ ሁልጊዜ 20።

ለሚበርደው ወገን

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ መስኮት መዝጋት የምትጀምሩት ለዚህ ነው። ሐረር ማታ ማታ ሹራብ ይለበሳል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ የሚያድር ሰውም ብርዱን ያውቀዋል። አዲስ አበባ የተወለደ የልጅ ልጅ ያላቸው እናቶችም የሕፃን ሹራብ ሲሠሩ ይከርማሉ። እናንተም ልባችሁ ያለው እዚህ ከሆነ ኪሮሽ ላይ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሹራብ ጀምሩ።

የሹራብ ትምህርት በሁለት ዐይን ያልቃል ማለት ይቻላል። በቪዲዮዎቹ ላይ "ኒት" እና "ፐርል" ይሏቸዋል። ፐርል ማለት ኒት ከጀርባው ሲታይ ነው፤ ቲሸርታችሁን ገልብጣችሁ ያያችሁት ያ ጎበጥ ጎበጥ ያለው። የተቀረው ጌጥ አብዛኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው።

ለመጀመሪያ 30 ዐይን መርፌ ላይ አውጡና ሁሉንም ረድፍ ኒት ብቻ እየሠራችሁ ሂዱ። ጨርቁ በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ጠርዙም ዝርግ ሆኖ ይተኛል። አንዱን ረድፍ ኒት፣ ሌላውን ፐርል ከሠራችሁ ግን እንደ ቲሸርቱ ያለ ለስላሳ ፊት ይወጣና ጠርዙ ይጠቀለላል። ብዙ ጀማሪ "ምን አጠፋሁ?" ይላል። ምንም አላጠፋችሁም፤ ጠባዩ ነው።

ሹራብ ላይ ወጥመዱ ከኪሮሽ ተቃራኒ ነው፤ ዐይኑ ይበዛል። ረድፉ ሲጀመር ክሩ በመርፌው ላይ ወደኋላ ከታጠፈ የመጀመሪያዋ ዐይን ሁለት መስላ ትታያለች። ሁለቱንም ከሠራችኋቸው 30 የነበረው 31 ይሆናል። ሻርፑ እየሰፋ የሚሄደው በዚህ ነው። ረድፍ ስትጀምሩ ክሩ ወደታች መውረዱን እዩ።

ልክ ያለው ልብስ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ 10 በ10 ሴንቲሜትር የምትሆን ናሙና ሥሩ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። መመሪያው በ10 ሴንቲሜትር 20 ዐይን ይላል እንበል፤ 100 ዐይን 50 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። የእናንተ እጅ ላላ ብሎ በ10 ሴንቲሜትር 18 ብቻ ቢገባ ያው 100 ዐይን ከ55 ሴንቲሜትር ይበልጣል። የፊቱና የኋላው ሲደመር ሹራቡ 11 ሴንቲሜትር ይሰፋል። እንደዚያ ከሆነ ቀጠን ያለ መርፌ ያዙና ናሙናውን ድገሙ።

ከዩቲዩብ ለምትማሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የኪሮሽ ስሞች ይለያያሉ። አሜሪካኖቹ "ሲንግል" የሚሉትን አጭር ዐይን እንግሊዞቹ "ደብል" ይሉታል። ቪዲዮው የየትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ከጀመራችሁ ኮፍያው የሌላ ሰው ልክ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የሚሠራውን እጅ እዩ፣ ስሙን በኋላ ያዙ። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ የኪሮሽ ቪዲዮውን በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ የሚገለብጥ መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ መንጠቆው ወደ ግራ እጃችሁ ይመጣላችኋል። ሹራብ ሁለቱንም እጅ ስለሚያሠራ ብዙ ግራኞች እንዳለ ይማሩታል።

በኪሮሽ ቦርሳ ከሠራችሁ ገበር አስገቡበት። ኪሮሽ አይለጠጥም ብዬ ነበር፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲሸከም ግን ቀስ በቀስ ወደታች ይወርዳል፣ ሳንቲምም በቀዳዳው ይሾልካል። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ብቅ በሉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይጨርሱላችኋል። የጥጥ ጨርቅ ገበር ይሁን።

ሁለቱን ሙያዎች አንድ ላይ መጠቀምም ይቻላል። ጠርዙ የተጠቀለለባችሁን ያንን ለስላሳ ሻርፕ አትተርትሩት። ዙሪያውን በመንጠቆ ሁለት ሦስት ዙር አጭር ዐይን ሥሩበት፣ ማዕዘኖቹ ላይ በአንዱ ዐይን ውስጥ ሦስት ሦስት ሥሩ፣ ከዚያ አርጥባችሁ ዝርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ጥቅልሉ ይቀንሳል፣ ጠርዙም ጌጥ ያገኛል።